ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ የምትጠልቅ ፀሐይ

(ዘንድሮ ወደ ስዊድን ለትምህርት ለሚጓዙ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፄን ሊውጠው ነውና ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉልኝ። እናቶችና አባቶች አብራችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ከምናገረው ግማሹ እናንተን ይመለከታል፤ ስልክ የምትደውሉት እናንተ ናችሁና።

የተጋበዝኩት ስለ ስዊድን ክረምት እንድናገር ነው። ገና ከመነሻዬ ግን ቃሉ ራሱ ያስቸግረኛል። እኛ ክረምት ስንል ይህንኑ የዛሬውን ማለታችን ነው፦ ጭቃ፣ ጉም፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት። የእነሱ ክረምት የሚውለው በእኛ በጋ ነው። እኛ በታህሳስ ጥርት ባለ ሰማይ ስር እህል ስንወቃ፣ እነሱ መብራት አብርተው ቁርስ ይበላሉ። የእኛ ተማሪ ክረምት ሲገባ ደብተሩን ይሰቅላል፤ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው መንፈቅ የሚያልቀው በጥር አጋማሽ ስለሆነ፣ ፈተናው የሚከመረው ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ክረምት ባልኩ ቁጥር ለጊዜው ይህን ዝናብ ርሱት።

ሁለት ዓመት የተማርኩት ኡፕሳላ ነው። ከስቶክሆልም በስተሰሜን በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ የሚያስኬድ የተማሪ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1477 የተቋቋመ ሲሆን በስካንዲኔቪያ ከሁሉ የቀደመው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ግራ እንዳትጋቡ። ከመካከላችሁ ሉንድ፣ ጎተንበርግ፣ ስቶክሆልም የሚሄዱ እንዳሉ ሰምቻለሁ። የእናንተ ከተማ ልማድ በጥቂቱ ይለያል፤ ጨለማው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የሚበላሽባችሁ ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከፀሐይ ተነሥተን ነው፤ ወጣች ስንል 1 ሰዓት ቀረበ፣ ልትገባ ነው ስንል 12 ሰዓት ሆነ። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ አያሳፍረንም። ኡፕሳላ ግን በታህሳስ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው፤ የምትጠልቀው ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ። የቀኑ ርዝመት ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያቺውም ፀሐይ ወደ ላይ አትወጣም፤ ከጣራዎቹ ጫፍ ጫፍ ትሄድና ትገባለች። በእኩለ ቀን ጥላችሁ እንደ ባሕር ዛፍ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ይህም ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ኅዳር ላይ ግን ደመናው ሳምንት ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ወደ ሰሜን ጫፍ ኪሩና የሚሄድ ሰው ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከአድማስ ስትወጣ አያይም። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ ሁለት ወር ገደማ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ውጭው ድቅድቅ ብሏል። እንቅልፍ ወስዶኝ አምሽቻለሁ ብዬ እየተጣደፍኩ ቤቴ ገባሁ። ልብሴን ለውጬ አልጋዬ ላይ ወጣሁ። ወዲያው እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች።

"እማዬ፣ ልተኛ ስል ነው የደወልሽው" አልኳት።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? እዚህ ገና በጎቹ እንኳ አልገቡም።"

ሰዓቴን ሳይ ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ከቀኑ። በዚያ ወቅት ኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች፤ እሷ ዘንድ 12 ሰዓት ሊሞላ ነበር፣ ፀሐይዋም ገና ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስልክ ስታነሣ ሰላምታዋ "መሸባችሁ ወይ?" ሆነ።

ስለ ብርዱ ብዙ አልናገርም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ አያውቅም አትሉኝም። ቅድም በሩ ላይ አንዲት እናት "ጋቢ ብሰጣት ይበቃታል ወይ?" ብለው ጠይቀውኛል። ጋቢው ይሂድ፤ የሚያስፈልጋት ግን ለብርዱ ሳይሆን ለናፍቆቱ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ሊሞቅ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ስዊድን የተገላቢጦሽ ነው፤ ብርዱ ደጅ ቀርቶ ቤቱ በጥር ወር በከነቴራ ያስቀምጣል። ከባዱ ነገር በሁለቱ መካከል መልበስና ማውለቅ ነው። የክረምት ካፖርት ከዚህ ገዝታችሁ አትሂዱ፤ እዚያ የሰልባጅ ሱቅ ሞልቷል፣ ሰልባጅ መልበስም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የፕሮፌሰር ልጅም ይለብሰዋል። ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውሉት።

ዛሬ ዓለም ሙቀትን የሚለካበት የሴልሺየስ መለኪያ ባለቤት አንደርስ ሴልሺየስ የኡፕሳላ ፕሮፌሰር ነበር። በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ግን ውኃ የሚፈላበትን 0፣ የሚረጋበትን 100 ብሎት ነበር፤ ኋላ ነው የገለበጡት። እኔ ባይገለብጡት ደስ ይለኝ ነበር። ከዜሮ በታች 15 በሆነ ቀን ለእናቴ "ዛሬ 115 ዲግሪ ነው" ብላት ሙቀት መስሏት በሰላም ታድር ነበርና።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በዚያ የመጀመሪያ ኅዳር እኔ ወድቄ ነበር። በሽታ አልነበረብኝም፣ ገንዘብም አልቸገረኝም። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ክፍል ያስገባል፤ የቀረው ጊዜ "ለብቻ ማንበቢያ" ነው። እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ውስጥ ለዋለ ተማሪ ይህ ገነት ይመስላል። ጨለማ ሲጨመርበት ግን ሰኞና ሐሙስ አንድ ይሆናሉ። ለሦስት ሳምንት ያህል ከክፍሌ የወጣሁት ዳቦ ልገዛ ብቻ ነው። ማንም አልመጣም፤ እኔም ማንም ዘንድ አልሄድኩም። በእኛ ልማድ ሰው ካልታየ "ምን ሆና ነው?" ተብሎ በር ይንኳኳል። እዚያ በር አለማንኳኳት ክብር ነው፤ ሰውየው ብቻውን መሆን ፈልጎ ይሆናል ይላሉ። እኔ ጨካኞች ናቸው ብዬ ፈረድኩባቸው፤ እነሱ ደግሞ ያከበሩኝ መስሏቸው ነበር።

ኋላ የገባኝ፣ ስዊድኖች ከሰው ጋር የሚገናኙት በድንገት ሳይሆን በቀጠሮ ነው። ሁሉም ነገር ቀጠሮ አለው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ቀጠሮ አለው፤ ተራችሁን አስቀድማችሁ ትይዛላችሁ፣ ተራው ካለፈባችሁም እርጥብ ልብሳችሁን ቅርጫት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፊካ የሚሉት የቡና ሰዓታቸው ቀጠሮ አለው፤ ቡና ጠጪነታቸው ከእኛ አያንስም፣ ግን "ቡና ጠጡ" ተብሎ ከመንገድ የሚጠራ የለም። መዘግየት እንኳ ቀጠሮ አለው። ይህን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፦ ትምህርት ለ10 ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ የሚጀመረው 10 ከሩብ ነው፤ "የአካዳሚ ሩብ" ይሉታል፣ የቆየ የዩኒቨርሲቲ ወግ ነው። ማታ ለሚደረግ ግብዣ ደግሞ ሩቡ እጥፍ ይሆንና ግማሽ ሰዓት ይዘገያል። የሐበሻ ቀጠሮ ብለን የምናፍርበትን ነገር እነሱ በደንብ አጽድቀውታል፤ ልዩነቱ ሁሉም ሰው እኩል መዘግየቱ ነው።

ጩኸትም ቀጠሮ አለው። የኖርኩት ፍሎግስታ በሚባል ሰፈር ነው፤ ረጃጅም የተማሪ ሕንፃዎች ናቸው፣ በአንድ ኮሪደር 12 ክፍል፣ ለ12ቱ አንድ ወጥ ቤት። በገባሁበት ሌሊት ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ከደጅ ኡኡታ ሰማሁ። የአንድ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ከየሕንፃው፣ ከየመስኮቱ፣ ከየሰገነቱ ነው የሚመጣው። እኔ ባደግኩበት አገር ኡኡ ከተባለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሌባ ገብቷል፤ የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። እኔም ነጠላዬን አጣጥዬ፣ ምን እንደምረዳ ሳላውቅ፣ በነጠላ ጫማ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ ፓስታ ይቀቅላል። "ምን ሆነው ነው?" አልኩት እያለከለክሁ። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየና "ሰዓቱ ደርሶ ነው" አለኝ፤ ፓስታውን ማማሰሉን ቀጠለ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የፍሎግስታ ተማሪ በየሌሊቱ በዚያ ሰዓት መስኮት ከፍቶ ይጮኻል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ መስኮቱ ይዘጋል፣ ዝም ይባላል። ፈተና ሲደርስ ጩኸቱ ይበረታል። እኔ ለመጮህ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ በከንቱ ኡኡ ማለት ሟርት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ከሦስት ሳምንቱ ጉድጓድ ያወጣኝ የወጥ ቤት ጽዳት ተራ ነው። ተራዬን አላደረስኩም ነበርና ከኮሪደሩ ልጆች አንዷ በሬን አንኳኳች። የሥራ ጉዳይ ስለሆነ ማንኳኳት ተፈቅዶላታል ማለት ነው። ፊቴን አየችና ስለ ጽዳቱ ሳትናገር "ሐሙስ ናሽናችን ወጥ ቤት ሰው ጎድሎናል፣ ትመጫለሽ?" አለችኝ።

ናሽን የሚባለውን ልንገራችሁ፤ ኡፕሳላ የሚሄድ ይህን ሳያውቅ አይሂድ። 13 ናቸው። በ1600ዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ለትምህርት የመጡ ልጆች በትውልድ ቦታቸው እየተሰባሰቡ ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው፤ ስማቸውም የአገሩ ስም ነው፦ ኖርላንድስ፣ ጎትላንድስ፣ ቬርምላንድስ፣ ስሞላንድስ፣ ካልማር እያለ ይቀጥላል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። "የየት አገር ልጅ ነህ?" ማለት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ከቤት ርቆ የሄደበት ገበሬና ቄስ ልጁን የሚቀበልለት የአገር ልጅ ይፈልግ ነበር፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው። የእኛ እድር ማለት ነው። እስከ 2010 ድረስ አባልነቱ ግዴታ ነበር፤ አሁን በፈቃድ ነው፣ የፈለጋችሁትንም መምረጥ ትችላላችሁ፤ የትውልድ ቦታ የሚጠይቅ የለም። እኔ የመረጥኩት ከክፍሌ ወደ ትምህርት ክፍሉ በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ናሽን የራሱ ቤት አለው፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ መጠጥ ቤት፣ መዘምራን፣ አንዳንዱም የሚከራይ ክፍል። ምግብ የሚሠራው፣ የሚያስተናግደው፣ ሒሳብ የሚይዘው ተማሪው ራሱ ነው። ብዙ የውጭ ተማሪ በፊት በር ገብቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ይወጣል፤ ከዓመት በኋላም ማንንም አያውቅም። እናንተ በጓዳ በር ግቡ። ሠርግ ቤት ታውቁ የለም? ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ በልቶ ይሄዳል፤ ጓዳ ሽንኩርት ስትልጥ ያደረች ግን እስከ ዘላለሙ ወዳጅ ናት። ያን ሐሙስ 20 ኪሎ ድንች ልጬአለሁ። በስዊድንኛ የማውቀው ቃል ሰባት አይሞላም ነበር፤ ድንቹ ሲያልቅ ግን ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ነበረኝ።

ወጥ ቤቱ ሲለመድ ወደ አዳራሹ ትጠራላችሁ። ጋስክ የሚሉት ትልቅ ግብዣ አላቸው፤ ሱፍና ረጅም ቀሚስ ይለበሳል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ተጽፎ ይለጠፋል። በየሰው ፊት የመዝሙር ደብተር አለ። ሳይዘፈን ብርጭቆ አይነሣም። አልኮል የማይጠጣ ሰው አስቀድሞ ከተናገረ ለእሱም ይዘጋጅለታል። እኔን የገረመኝ ዘፈኑ ነው፤ በሊፍት ውስጥ ዓይን ለዓይን የማይተያይ ሕዝብ ክንድ ለክንድ ተያይዞ እየተወዛወዘ ይዘፍናል።

አሁን ወደ በዓሎቹ ልምጣ፤ ለእነሱ ስል ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት። በብርሃን ከምንጀምርበት ዓለም ሆናችሁ ብታዩአቸው ጌጥ ይመስላሉ። ከጨለማው ውስጥ ሆናችሁ ስታዩአቸው ግን ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ በልክ በልክ የተተከሉ ምሰሶዎች ናቸው፤ ከአንዱ እስከ ሌላው እጅ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ምሰሶ ከገና በፊት ያለው አራተኛ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጨለማ የነበረ መንገድ በማግስቱ በየመስኮቱ በርቶ ያድራል፤ በአንዱ የወረቀት ኮከብ፣ በሌላው መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ባለ ሰባት መብራት መቅረዝ። የኤሌክትሪኩን መቅረዝ በ1930ዎቹ የፈጠረው ጎተንበርግ ከተማ የፊሊፕስ ኩባንያ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ የገና ዛፍ መብራት ውድቅ ሆኖ ሲመለስ ከዚያ ሠራው። ዛሬ ከቤት ቤት፣ ከቢሮ እስከ ሆስፒታል መስኮት የሌለበት የለም። ደግሞም መብራቱ የተቀመጠው ለባለቤቱ አይደለም፤ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። በብስክሌት ለሚያልፍ ለማያውቁት ሰው ነው የሚያበሩት። በር አያንኳኩም ብዬ የፈረድኩባቸው ሰዎች ማለት እነዚህ ናቸው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከእኛ በፊት የሄዱ አሉ። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ ከ1876 እስከ 1881 ስቶክሆልም አጠገብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሯል። አምስት ክረምት፤ ያለ ኤሌክትሪክ መብራት፣ ያለ ስልክ። በኅዳር ማጉረምረም ሲያምረኝ እሱን አስብና አፌን እይዛለሁ።

ሁለተኛው ምሰሶ ሉሲያ ነው፤ ዲሴምበር 13፣ በእኛ ታህሳስ 4። ገና ሳይነጋ መብራት ሁሉ ይጠፋል። ሰዉ በጨለማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ከሩቅ ዜማ ይሰማል፤ ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ቀይ መቀነት ያደገደጉ ልጆች ሻማ ይዘው በሰልፍ ይገባሉ። ፊት የምትሄደው ሉሲያ ራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታለች። ከኋላ ኮከብ የተለጠፈበት ሾጣጣ ቆብ ያደረጉ ወንዶች ይከተላሉ። እኔ ያየሁት በትምህርት ክፍላችን ደረጃ ላይ ነው። የሰሙ ሽታ ሲመጣና ነጭ ልብስ በጨለማ ሲንቀሳቀስ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት በዜማው የተነካሁ መሰላቸው። ዜማው ከናፖሊ የመጣ ነው፤ ደስ ይላል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ጧፍ የያዘ ሰው ማየቴ ነው።

ቅድስት ሉሲያ የሲራኩስ ሰማዕት ናት፤ የጣልያን ደሴት ቅድስት ስዊድን ምን አመጣት? መልሱ እኛ በደንብ የምናውቀው ነው፤ የዘመን አቆጣጠር። በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር የዓመቱ ረጅም ሌሊት በመካከለኛው ዘመን ሉሲያ ቀን ላይ ይውል ነበር። ስዊድን በ1753 አቆጣጠሯን ለውጣ ከፌብሩዋሪ 17 በቀጥታ ወደ ማርች 1 ስትዘል ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዛሬ ረጅሙ ሌሊት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የሚመጣው። በዓሉ ግን የድሮ ቀኑን አልለቀቀም። የእኛ ገና ከእነሱ በ13 ቀን የሚዘገየው በዚሁ በአቆጣጠር ምክንያት ነው። ይህን ለኮሪደሩ ልጆች ሳስረዳ ገና ለምን ሁለት ጊዜ እንደማከብር ገባቸው፤ ለምን አርባ ቀን ቅቤ እንደማልበላ ግን አልገባቸውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ልክ የእነሱ የድግስ ወራት ሲጀምር። የሉሲያ ዳቦ በቅቤና በወተት ይቦካል፤ የገና ማዕዳቸው የአሳማ ጭን፣ ጥቃቅን የሥጋ ድቡልቡል፣ ቋሊማ ነው። ሄሪንግ የሚባለውን በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ በተመለከተ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ አልገባበትም። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ ቬጋን። በየግብዣው መመዝገቢያ ላይ "ቬጋን" ብላችሁ ጻፉ፣ ጾማችሁ ይጠበቃል። የአጃ ወተትም አለ፤ የተፈለሰፈው እዚያው በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ነው፤ ለጾመኛ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቫይታሚን ዲ የተጨመረበትን ምረጡ፤ ጥቁር ቆዳ ከዚያች ደካማ ፀሐይ የሚያገኘው ኢምንት ነውና ይህን ችላ አትበሉ።

ጎረቤቴ፣ ያች ስለ ጽዳት ልትናገር የመጣችው፣ ዳቦውን አለመብላቴን አይታ ኖሮ በማግስቱ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ሳፍሮኑ በግማሽ ግራም ፖስታ ነው የሚሸጠው፤ ውድ ስለሆነ ወርቅ እንደሚመዝን ሰው ነው የያዘችው። በሙቅ የአጃ ወተት ስትበጠብጠው ወተቱ የእንቁላል አስኳል መሰለ። ሊጡን እንደ እባብ አንከባልለን፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ጠቅልለን፣ በየጥቅሉ መሐል አንዳንድ ዘቢብ ተከልን። ምድጃው ላይ ግሎግ የሚሉት መጠጥ ይፈላል፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብል። ዓይኔን ብጨፍን የእናቴ የበዓል ሻይ ነው። በስዊድን የመጀመሪያው ሞቃት ትዝታዬ ይህ ነው።

ከዚያ የእነሱ ገና ዋዜማ ይመጣል፤ ዲሴምበር 24። ዋናው በዓላቸው ዋዜማው ነው። ከ1960 ጀምሮ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያው አንድ የዲዝኒ ካርቱን ቅንብር ያያል፤ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል፣ ቃሉን በቃሉ እያወጣ። ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ይስቃሉ። ከተጋበዛችሁ ሂዱ፤ ካልተጋበዛችሁ ደግሞ ፍሎግስታ ባዶ ይሆናልና ወደ ስቶክሆልም ወገኖቻችሁ ዘንድ ተጓዙ።

የእኛን ገና በተመለከተ እግዚአብሔር ለእኛ ያሰበበት ነገር አለ፦ ጃንዋሪ 6 በስዊድን የሕዝብ በዓል ነው፤ ሥራ የለም። ዋዜማውን ሳትሳቀቁ ቅዳሴ ታድራላችሁ። ተንኮሉ በማግስቱ ነው። በሁለተኛው ዓመት እኔ ጃንዋሪ 7 ጠዋት በ2 ሰዓት ፈተና ነበረብኝ። ሌሊቱን ስቶክሆልም ቤተ ክርስቲያን አደርኩ። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እትዬ "ዶሮ ሳትቀምሺ አትሄጃትም" ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ አርባ ቀን የጾመ ሆድ በዶሮ ወጥ ተፈታ። በጠዋት ባቡር ኡፕሳላ ገባሁ። ትንሽ ብዘገይም ሩቡ አለ ብዬ ሳልጨነቅ ሄድኩ። የአካዳሚ ሩብ ለፈተና አይሠራም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆይቼ ስደርስ ሁሉም ሰው ጽፎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። ጠባቂዋ አስገባችኝ፤ የባከነውን ጊዜ ግን የሚመልስልኝ የለም። ፈተናቸው ረጅም ነው፤ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰዉም ምሳውን ይዞ ይገባል። እኔ ከቦርሳዬ ያወጣሁት እትዬ የቋጠሩልኝን ዶሮ ነው። ያ አዳራሽ እንደዚያ ሸቶ አያውቅም። አለፍኩ፤ በጭንቅ።

ከምግቤ ሁሉ የኮሪደሩን ልጆች ያስደነገጠው ይህ ነው። አርባ ቀን ቬጋን የነበረች ልጅ ጃንዋሪ 7 ማታ ክትፎ ስትሠራ አገኟት። "ቬጋን ነሽ ብለን እኮ ነው" አለኝ ያ ፓስታ ቀቃዩ፣ የተከዳ ሰው መስሎ።

ጥርና የካቲት ብርሃኑ የሚመለስበት፣ ብርዱ ደግሞ የሚብስበት ነው። የገና ዛፉ ጃንዋሪ 13 ይጣላል፤ መስኮቱ ሁሉ እንደገና ይጨልማል። እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ያ ሳምንት ነው። እሱንም በባዶ አልተዉትም፤ ሴምላ አለ። በሄል የተሠራ ክብ ዳቦ ነው፤ አናቱ ተቆርጦ በለውዝ ሊጥና በተመታ ክሬም ይሞላል፣ ክዳኑ ይመለሳል። የሚበላው ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው ማክሰኞ ነበር። የእኛ ቅበላ ማለት ነው። ዛሬ ጾሙን ትተውታል፣ ቅበላው ግን ቀርቷቸዋል፤ እንዲያውም ከገና ማግስት ጀምሮ ይሸጣል። ንጉሣቸው አዶልፍ ፍሬድሪክ በ1771 በዚያ ቀን ብዙ ዓይነት ምግብ በልቶ በሴምላ ካሳረገ በኋላ ሞቷል፤ ሰዉ ይህን እየሳቀ ይነግራችኋል፣ ከዚያ ሁለተኛ ያዛል።

የመጨረሻው ምሰሶ ቫልቦርግ ነው፤ ኤፕሪል 30። ጠዋት ተማሪዎች በራሳቸው በሠሩት ታንኳ በፊሪስ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ታንኳው አንዱ የአዞ፣ አንዱ የአልጋ፣ አንዱ የፕሮፌሰራቸው ቅርጽ ነው። አብዛኛው ይሰበራል፤ ሕዝቡም የመጣው ሲሰበር ሊያይ ነው። በእኛ 9 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ካሮሊና ረዲቪቫ በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ፊት ይሰበሰባል። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ሰገነት ላይ ወጥተው ነጭ ቆባቸውን ያውለበልባሉ፤ ያን ጊዜ ኮረብታው ሁሉ ነጭ ቆብ ይሆናል። በታህሳስ ልክ በዚህች ሰዓት ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ሲመሽ ደመራ ይለኮሳል፤ ቃሉን አውቄ ነው የተጠቀምኩት። ችቦ የለም እንጂ እንጨቱ ተደርድሮ፣ ሕዝቡ ከቦት ሲዘፍን መስከረም 16 ነው የሚመስለው።

በሁለተኛው ዓመት ያን ቀን ማታ ወንዙ ዳር ተቀምጬ ነበር። ድንች አብረን የላጥን ስድስት ሰዎች ነን። ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ እናቴ እራት በልታ፣ በሯን ዘግታ፣ ልትተኛ ስትል ነው የደወለችው።

"መሸባችሁ ወይ?"

"አልመሸም እማዬ። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ አላሳይ አለችኝ።"

ትንሽ ዝም አለች። "ይህን ጊዜ? እኛ ዘንድ ከገባች ስንት ሰዓቷ! እናንተ ዘንድ ናታ ያመሸችው" አለችኝ።